የብርዱ ባለቤት ማን ነው?

ሰው ሲበርደው ስሜቱን በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ይገልጻል። ዐረፍተ ነገሯ አጭር ትሁን እንጂ አንድ ከባድ ጥያቄ በውስጧ አለ። በሰውና በሚደርስበት ነገር መካከል ያለው ግንኙነት ምንድን ነው? የበረደው ሰው የብርዱ ባለቤት ነውን? ወይስ ባለቤቱ ብርዱ ሆኖ ሰውዬው ብርዱ የሚያርፍበት ስፍራ ብቻ ነው? የብርዱ ባለቤት ካልታወቀስ ስለ ብርዱ የሚጠየቀው ማን ነው? ነገሩ ሲጀመር የሰዋስው ጥያቄ ይመስላል፤ እስከ መጨረሻው ለተከተለው ግን ከሰዋስው አውጥቶ ከፍርድ አደባባይ ያደርሳል።

ይህን ጥያቄ አጥርተው ከሚያሳዩት ቋንቋዎች አንዱ ቤንጋልኛ ነው። ቤንጋልኛ በባንግላዴሽና በህንድ ምዕራብ ቤንጋል ከሁለት መቶ ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብ ይናገረዋል። ራቢንድራናት ታጎር የተቀኘበት፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 የዳካ ወጣቶች መብቱን ለማስከበር ሲሉ ደማቸውን ያፈሰሱለት ቋንቋ ነው። ሰዎች እስከ ሞት ድረስ የጸኑለት ቋንቋ የሰውን ሥጋ ሕማምና ድካም በምን ዐይነት አነጋገር እንደሚገልጽ መመርመር ከንቱ ድካም አይሆንም።

ቤንጋላዊ ሲበርደው «አማር ሺት ኮርቼ» ይላል። ቃል በቃል ሲፈታ «የእኔ ብርድ እያደረገ ነው» እንደ ማለት ነው። «ሺት» የብርድም፣ የብርድ ወራትም ስም ነው። የቤንጋል ዓመት በስድስት ወቅቶች ሲከፈል አምስተኛው ሺት ይባላል፤ ፖውሽና ማግ የተባሉትን ሁለቱን ወራት ይይዛል። ስለዚህ የበረደው ሰው ሲናገር፣ በአንድ በኩል ወቅቱ ራሱ በሰውነቱ ላይ ሥራውን እየሠራ መሆኑን መናገሩ ነው። ሌላም አባባል አለ፤ «አማር ታንዳ ላግቼ» ይባላል። «ላግቼ» የሚለው ግስ መንካትን፣ መጣበቅን፣ መምታትን ያመለክታል። ብርዱ መጥቶ የሚጣበቅ ነገር ነው ማለት ነው። ግሱ ወደ ኃላፊ ጊዜ ተለውጦ «አማር ታንዳ ሌገቼ» ሲባል ደግሞ ትርጉሙ ይለወጣል፤ ብርዱ ተጣብቆ ቀርቷልና «ጉንፋን ያዘኝ» ማለት ይሆናል።

የሥጋ ስሜት ሁሉ በዚህ መንገድ ይነገራል ማለት ይቻላል። የራበው «አማር ኪዴ ፔዬቼ» ሲል የእርሱ ረሃብ እንዳገኘው ይናገራል። ትኩሳት የጀመረው «አማር ጆር ኤሼቼ» ሲል ትኩሳቱ እንደ መጣ ይናገራል። «አሚ» የሚለው ቃል፣ ማለትም «እኔ»፣ ከእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች በአንዱም ውስጥ አይገኝም። በቦታው የተተካው «አማር» የሚለው አገናዛቢ፣ ማለትም «የእኔ» ነው። «አሚ» ለሠሪ የተጠበቀ ቦታ አለው፤ የሚሠራ፣ የሚሄድ፣ የሚጽፍ ሰው «አሚ» ይላል። ቋንቋውን በመማር ላይ ያለ እንግዳ ይህን ሳያውቅ «አሚ ታንዳ» ቢል በረደኝ ማለቱ አይሆንለትም፤ ሰውነቱ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆኑን፣ ወይም ጠባዩ የረጋ መሆኑን መናገሩ ነው። በአማርኛም «ቀዝቃዛ ነኝ» እና «በረደኝ» እጅግ የተራራቁ መሆናቸውን አንባቢ ያውቃል።

ይህ የመጨረሻው ምሳሌ አለምክንያት አልተጠቀሰም። ቤንጋልኛና አማርኛ በዘር አይገናኙም። አንዱ ከሳንስክሪት ወገን ነው፤ ሌላው ከሴማውያን ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሆኖም በሥጋ ስሜት ረገድ ሁለቱም ወደ አንድ ሐሳብ ደርሰዋል። በአማርኛ «በረደኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «አመመኝ»፣ «ጨነቀኝ» ሲባል የግሱ ባለቤት ተናጋሪው አይደለም። ባለቤቱ ስሙ ያልተጠራ አንድ ነገር ነው፤ ተናጋሪው ከግሱ ጫፍ ላይ «ኝ» ሆኖ የተንጠለጠለ ተሳቢ ነው። ቤንጋላዊው «ሞኔ ፖሬ» ሲል፣ ማለትም «ከልቤ ላይ ወደቀ» ሲል፣ አማራው «ትዝ አለኝ» ይላል። ያኛው «ሞኔ ሆይ» ሲል ይህኛው «ይመስለኛል» ይላል። ትዝታና ግምት እንኳ ሳይቀሩ እንደ ብርድ ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ሆነው ተቆጥረዋል።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚመሳሰሉበት ሌላም መንገድ አለ። ቤንጋልኛ የሰውነትን ስሜት በድምፅ የሚሥሉ ድግግም ቃላት የሞሉበት ቋንቋ ነው። አጥንት ዘልቆ የሚገባ ብርድ «ኮንኮኔ» ይባላል፤ እግር ሲደነዝዝ «ጂንጂን» ያደርጋል፤ ቆዳ ላይ የሚሮጥ ሽምቅቅታ «ሺርሺር» ይላል። ታጎር እነዚህን ቃላት ሰብስቦ በአንድ መጣጥፉ ውስጥ መርምሯቸዋል፤ ብዙዎቹ ለጆሮ የሚሰማ ድምፅ የሌለውን ነገር በድምፅ የሚገልጹ መሆናቸውንም ልብ ብሏል። ብርድ ድምፅ የለውም፤ ቋንቋው ግን ድምፅ ሰጠው። አማርኛም «ውርር አደረገኝ»፣ «ስቅጥጥ አለኝ»፣ «ጠዘጠዘኝ» በሚሉት አባባሎች ይህንኑ ሠርቷል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ፈረንሳዊው ፈላስፋ ደካርት በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ዕውቀትን ሁሉ ሊመሠርት የፈለገው በሚያስበው «እኔ» ላይ ነበር። በሚቀጥለው መቶ ዓመት የኖረው ጀርመናዊው ሊክተንበርግ ግን አንድ ጥርጣሬ አነሣ፤ መብረቅ ሲበርቅ «በረቀ» እንደሚባል ሁሉ ሐሳብም ሲመጣ «ታሰበ» ቢባል ይበቃል እንጂ «እኔ» የሚለውን ባለቤት መጨመሩ ከሚታወቀው አልፎ መሄድ ነው የሚል ነበር። ፈላስፋው በብዙ ምርምር የደረሰበትን ጥርጣሬ የቤንጋል ገበሬና የጎጃም ገበሬ ሳይማሩት በየዕለቱ ይናገሩታል። ብርዱን ሰውዬው አልፈጠረውም፤ ረሃቡን አልሠራውም፤ ስለዚህ የግሱ ባለቤት አይሆንም። ይህ አነጋገር ለተጎጂው ፍትሕን ይሰጠዋል። የራበው ሰው በረሃቡ አይወቀስም፤ የታመመው በሕመሙ አይከሰስም።

ነገር ግን ይኸው አነጋገር አደጋም አለበት የሚሉ አሉ። ሁሉ ነገር በሰው ላይ የሚመጣ ከሆነ፣ ሰው የሚመጣበትን ከመቀበል በቀር ምን ድርሻ አለው? አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የምሥራቅ ሕዝብ በቋንቋው ሳይቀር ዕድል አማኝ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል። ክርክሩ ግን አይጸናም። ጀርመናዊው ሲበርደው «ለእኔ ብርድ ነው» ይላል፤ ሩሲያዊውም እንዲሁ። የጥንቱ እንግሊዝኛ ራሱ እንደ «ይመስለኛል» ያለ አባባል ነበረው፤ በዘመናት ውስጥ ተወው። ስለዚህ የአንድን ሕዝብ ወኔ በግሱ እርባታ መለካት የማይሆን ነገር ነው።

ከዚህም ሁሉ በላይ ቤንጋልኛ ራሱ ለክርክሩ መልስ አለው። በቋንቋው ውስጥ የሚደርስ ነገርና የሚደረግ ነገር ተለይተው ተቀምጠዋል። የተቆጣ ሰው «አማር ራግ ሆዬቼ» ቢል ቁጣ እንደ ደረሰበት መናገሩ ነው፤ «አሚ ራግ ኮሬቺ» ቢል ግን ቁጣውን እርሱ ራሱ እንዳደረገው ያምናል። አንድን ሰው «ባሎ ላጌ» ሲል ደስ እንደሚለው ይናገራል፤ ይህ እንደ ብርድ የሚመጣ ነው። «አሚ ባሎባሺ» ሲል ግን «እወዳለሁ» ማለቱ ነው፤ ባለቤቱ «እኔ» ነው። ደስ መሰኘት ይመጣል፤ መውደድ ግን ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። አማርኛም «ደከመኝ» እና «ደከምሁ»፣ «አናደደኝ» እና «ተናደድሁ» በማለት ይህንኑ ድንበር ይጠብቃል። «ደከመኝ» ያለ ስሜቱን ሲናገር «ደከምሁ» ያለ ሥራውን ይናገራል። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ይለያያሉ። ቤንጋላዊ ሲያፍር «አማር ሎጃ ኮርቼ» ይላል፤ ኀፍረቱ እንደ ብርዱ የሚመጣበት ነገር ነው። በአማርኛ ግን ኀፍረት እንደ ብርድ አይመጣም፤ «አፈርሁ» ይባላል። አማርኛ ሰውን በብርዱ ባለቤት አያደርገውም፤ በኀፍረቱ ግን ባለቤት ያደርገዋል። እንግዲህ ሰው በሁለት ዐይነት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ይኖራል። የግብረ ገብነት የመጀመሪያው ትምህርት የትኛው ነገር በየትኛው ዐረፍተ ነገር መነገር እንዳለበት መለየት ነው። «ቁጣ መጣብኝ» እያለ በትሩን የሚያነሣ ሰው የተሳሳተውን ዐረፍተ ነገር መርጧል።

ከዚህ ላይ የቤንጋልኛ ሰዋስው አንድ አስደናቂ ነገር ይገልጣል። በዚህ ቋንቋ የሰው ማዕረግ በግስ ላይ ይታያል። ጌታ አገልጋዩን፣ አባት ልጁን ሲያነጋግር «ቱይ» ይላል፤ እኩያ እኩያውን «ቱሚ»፣ ታናሹ ታላቁን «አፕኒ» ይላል። ግሱም ከዚህ ጋር ይለዋወጣል። «ትሠራለህ» የሚለው አንድ ግስ ለአገልጋይ «ኮርቺሽ»፣ ለእኩያ «ኮርቾ»፣ ለጌታ «ኮርቼን» ይሆናል። ብርድ ሲነገር ግን የግሱ ባለቤት ሰው ሳይሆን ብርዱ ነውና ግሱ አይለወጥም። «ቶር ሺት ኮርቼ»፣ «ቶማር ሺት ኮርቼ»፣ «አፕናር ሺት ኮርቼ»፣ እንዲሁም «አማር ሺት ኮርቼ» ይባላል። አገናዛቢው ማዕረጉን ይይዛል፤ ግሱ ግን ለባለርስቱና ለጭሰኛው፣ ለእኔና ለአንተ አንድ ነው። አማርኛም «በረደህ»፣ «በረደዎት»፣ «በረደኝ» ሲል የሚለውጠው የመጨረሻውን ቅጥያ ብቻ ነው።

ይህ ከሰዋስው ጨዋታ ይበልጣል። ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ «የሌላውን ሕመም ማወቅ ይቻላልን?» እያሉ ይጠይቃሉ። የራስ ሕመም ይሰማል፣ የሌላው ግን ይገመታል እንጂ አይሰማም ይባላል። ቤንጋልኛ ይህን ገደል በግሱ አይቀበለውም። የእኔን ብርድ የሚናገረው ግስ የአንተን ብርድ ይናገራል። ሰዎች በብርድ ፊት የሚለዩት በአገናዛቢያቸው ብቻ ነው፤ «የእኔ» ወይም «የአንተ» በመባል ብቻ። የቲያትር ጥበብም የቆመው በዚሁ እምነት ላይ ነው። መድረክ ላይ የሚንቀጠቀጠው ተዋናይ አልበረደው ይሆናል፤ ተመልካቹም በሞቀ አዳራሽ ተቀምጧል። ሆኖም በሁለቱ መካከል አንድ ብርድ ያልፋል። ይህ ባይሆን ኖሮ ድራማም፣ ርኅራኄም፣ ሸንጎም ባልኖረ።

ነገር ግን ግሱ አንድ ቢሆንም ብርድ ልብሱ አንድ አይደለም። በቤንጋል «አንድ ማግ ቢያልፍ ብርድ አያልፍም» የሚል ተረት አለ፤ መከራ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም ማለት ነው። በባንግላዴሽ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከሂማላያ ግርጌ ብዙም በማትርቀው በቴቱልያ፣ እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 2018 የሙቀቱ መጠን ወደ 2.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወርዶ ነበር፤ በአገሪቱ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ይህ ልክ ለኢትዮጵያ ደጋ ሰው ብርቅ አይመስለው ይሆናል። ግንቡ ቆርቆሮ ወይም ቀርከሃ፣ ልብሱ ስስ ጥጥ ለሆነ የቀን ሠራተኛ ግን የሞት ደጃፍ ነው። ባለጸጋው በጥጥ በተሞላ «ሌፕ» ተጠቅልሎ ያድራል። ድኻው ያለው «ካንታ» ነው። ካንታ ያረጁ ሳሪዎችና ሌሎች አሮጌ ጨርቆች ተደራርበው፣ ሴቶች በመርፌ ጥቅጥቅ አድርገው የሚሰፉት ልብስ ነው። ዛሬ በጥልፍ ያጌጠው ካንታ በከተማ መደብር በውድ ዋጋ የሚሸጥ የኪነ ጥበብ ሥራ ሆኗል። መሠረቱ ግን አንዲት እናት ለልጇ ብርድ የሰጠችው መልስ ነው። ልጁ «አማር ሺት ኮርቼ» ሲል በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የእርሷ ስም የለም። እርሷ ግን በመርፌዋ ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ገባች።

ለብርድ እውነት የሆነው ለረሃብ ደግሞ እጅግ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ1943 በቤንጋል ረሃብ ገባ። የሞተው ሕዝብ ቁጥር ወደ ሦስት ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። በቤንጋል የዘመን አቈጣጠር ዓመቱ 1350 ነበርና ሕዝቡ «የሃምሳው ሞንኖንቶር» ብሎ ጠራው፤ ኢትዮጵያዊው «የሰባ ሰባቱ» እንደሚለው ማለት ነው። «ሞንኖንቶር» በጥንቱ ትርጉሙ የአንድ ማኑ ዘመን፣ ማለትም እጅግ ረጅም የሆነ የዓለም ዘመን ማለት ነው። ረሃቡ በዚህ ስም ሲጠራ ሰማይ ያመጣው፣ ሰው የማይጠየቅበት ዘመን መሰለ። ቋንቋው ግን ለረሃብ ሌላም ስም ነበረው፤ «ዱርቢክኮ» ይባላል። ሥረ ቃሉ ሲፈታ «ምጽዋት የሚታጣበት ጊዜ» ማለት ነው። ይህ ስም ስለ ዝናብ ወይም ስለ አዝመራ አይናገርም፤ ስለ እጅ ይናገራል። ረሃብ ማለት የሚሰጥ እጅ የጠፋበት ጊዜ ነው ይላል።

የትኛው ስም እውነቱን ተናገረ? በ1942 አውሎ ነፋስ ሜድኒፑርን መትቶ ነበር፤ ጃፓን በርማን በመያዟም ከዚያ ይመጣ የነበረው ሩዝ ተቋርጦ ነበር። ይሁን እንጂ በሻንቲኒኬታን የተወለደው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ድህነትንና ረሃብን በሚመለከተው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ በ1943 በቤንጋል የነበረው እህል ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ያነሰው በመቶ አምስት ያህል ብቻ ነበር፤ ረሃብ ካልነበረበት ከ1941 እንኳ ይበልጥ ነበር። የጠፋው እህሉ ሳይሆን እህሉን የመግዛት አቅም ነው። የጦርነቱ ገንዘብ ዋጋን ሲያንር፣ ነጋዴው እህል ሲሰውር፣ የቅኝ ገዢው መንግሥት ለካልካታና ለጦሩ ቅድሚያ ሲሰጥ፣ መሬት አልባው የቀን ሠራተኛና ዓሣ አጥማጁ ከገበያው ውጭ ቀሩ። ሴን በረሃቡ ጊዜ ገና ሕፃን ነበር፤ ለሚለምኑት ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው በአንዲት የሲጋራ ቆርቆሮ ሩዝ እየሰፈረ እንዲሰጥ አያቱ ፈቅደውለት እንደ ነበር በኋላ ተናግሯል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1973ን የወሎን ረሃብ መርምሮ፣ ሕዝብ በሚራብበት ጊዜ ከወሎ እህል ወደ ውጭ ይጫን እንደ ነበር አመልክቷል። በካልካታም ሆነ በደሴ መንገድ «ራበኝ» የሚለው ግስ ባለቤት ነበረው። ባለቤቱ ግን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ስሙ አልተጠራም።

የካልካታ ረሃብተኞች በየደጃፉ ሲለምኑ የተናገሩት ቃል ተመዝግቦ ቆይቷል። «ፋን ዳኦ» ይሉ ነበር፤ ሩዝ የተቀቀለበትን ውሃ ስጡን ማለት ነው። ሩዙን አልጠየቁም፤ የሚደፋውን ውሃ ጠየቁ። ይህን ጩኸት ከሰዋስው አንጻር የተመለከተው ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። «ራበኝ» ሲባል ሰሚው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም፤ ሰምቶ ሊያልፍ ይችላል። «ስጡ» ሲባል ግን ባለቤቱ ሰሚው ነው። ረሃብተኛው ባለቤት የሌለውን ዐረፍተ ነገር ትቶ፣ በደጃፉ የቆመውን ሰው ባለቤት የሚያደርገውን ዐረፍተ ነገር መረጠ። ሠዓሊው ዛይኑል አቤዲን በዚያ ዓመት በጥቁር ቀለም የሣላቸው አጥንታቸው የወጣ ሰዎችም ሥራቸው ይኸው ነበር። ቢጆን ባታቻርያ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የህንድ ሕዝብ ቲያትር ማኅበር በካልካታ ያቀረበው «ኖባንኖ» የተባለው ተውኔትም እንዲሁ ነው። ስሙ የአዲስ ሩዝ በዓል ማለት ነው። እነዚህ ሥራዎች ረሃቡን እንደ ዘመን ቁጣ አላሳዩትም፤ ሰው በሰው ላይ ያደረገው ነገር አድርገው አሳዩት። ተመልካቹን ከ«ራባቸው» ወደ «ስጡ» አሻገሩት።

ይህ ሲባል ለእያንዳንዱ ሕማም በዳይ መፈለግ ይገባል ማለት አይደለም። የማግ ወር ብርድ የማንም ወንጀል አይደለም፤ ሞትና እርጅናም እንዲሁ። ኀዘኑን ሁሉ በጎረቤቱ ላይ የሚጭን ሰው እውነትን አላገኘም። ድንበሩ የሚሰመረው ከዚህ ላይ ነው፤ ብርድ ስለ መምጣቱ የሚጠየቅ የለም፤ የጋቢና የእሳት ባለቤት አጠገቡ እያለ ብርዱ ስለ መሰንበቱ ግን የሚጠየቅ አለ። ድርቅ ስለ መምጣቱ ሰማይ ይታያል፤ ድርቁ ረሃብ ስለ መሆኑ ጎተራና መንገድ፣ ገበያና ሹም ይመረመራሉ።

ስለዚህ ቤንጋልኛና አማርኛ የተጎዳውን ሰው የጉዳቱ ባለቤት ባለማድረጋቸው ጥበበኞች ናቸው። «የእኔ ብርድ እያደረገ ነው» ያለ ሰው እውነቱን ተናገረ፤ ጥፋቱን በራሱ ላይ አልጫነም። የባለቤቱን ቦታ ግን ክፍት ትቶታል። ሰዋስው ያንን ቦታ አይሞላውም፤ የሰዋስው ሥራ አይደለምና። ሰሚ፣ ጸሐፊ፣ ዳኛና ጎረቤት የተፈጠሩት ለዚያ ነው። አንድ ሰው በደጃፍ ቆሞ «በረደኝ» ሲል፣ ግሱ ለእርሱና ለሰሚው አንድ መሆኑን ያወቀ ሰው «የማን ብርድ ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት በሩን ይከፍታል። ብርዱ እንዴት እዚያ ድረስ እንደ መጣ የሚጠይቀው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ መጠየቁንም አይተውም።